ተሳላሚውና ከደጅ ተመላሹ

ትምህርቴ ዓሣን በየዘሩ መለየት ነው። ያን ቀን ፍኖተ ሰላም፣ ላህ ወንዝ ዳር፣ ጣት የሚያካክሉ ጥቋቁር ዓሦች ሰብስቤ ለሁሉም አንድ የላቲን ስም ጻፍኩላቸው። አጠገቤ መንጠቆ የጣሉት ሽማግሌ፣ አያ ዘለቀ፣ ባልዲዬን ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ሁለት ዘር ቀላቅለሻል» አሉኝ።

«ኧረ አንድ ናቸው!» አልኩ ቆጣ ብዬ።

እሳቸው ከወንዙ ዳር ጠፍጣፋ ደንጊያ አንስተው ባልዲው ውስጥ አስቀመጡ። አንዱ ዓሣ መጥቶ አገጩን ደንጊያው ላይ ልጥፍ አደረገና ቀረ። ሌላው በአፉ ነካ አድርጎት ዞረ። «ያ ተሳላሚ ነው፤ ቤተስኪያን እንደሚሳለም ሰው። ይኼኛው ከደጅ ተመላሽ ይባላል።»

ሁለቱንም ገልብጬ አየኋቸው። እውነትም አገጫቸው ሥር ይለያያሉ፤ አንደኛው ክብ መለጠፊያ አለው፣ የሌላውን ግን አለ ከማለት የለም ማለት ይቀላል። እፍረቴን ለመሸፈን ሳቅ ብዬ፣ «ታዲያ ይኼ ሁለተኛው ሰነፍ ነዋ፣ አያ ዘለቀ?» አልኳቸው።

እሳቸው አልሳቁም። «ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ እኔም ከቤተስኪያን ቅጥር መግባት አቅቶኛል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከባልዲው ሳያነሱ። «አትፍረጂበት ልጄ፤ እሱም እስከ ደንጊያው ደርሶ ነው የተመለሰው።»