ሃያ ስድስት ዓመት የተለካው ስንጥቅ

ስንጥቅ ማለት፣ አንድ ሆኖ የቆየ ነገር ሁለት ለመሆን ማሰቡን ማንንም ሳያማክር የሚያስታውቅበት ቀጭን መስመር ነው። ስንጥቅ ጉዳት አይደለም፤ የጉዳት ሐሳብ ነው። አንዳንዱ አስቦ አስቦ ይተወዋል፤ አንዳንዱ ግን አይተወውም፤ የሚተወውን ከማይተወው ለመለየት ደግሞ ከመለካትና ከመጠበቅ በቀር ሌላ መንገድ እስካሁን አልተገኘም። ዛሬ የምንሸኛቸው እኅታችን ከስድሳ አንድ ዓመት ዕድሜያቸው ሃያ ስድስቱን አንድ ስንጥቅ ሲለኩ ስላሳለፉ፣ ይህን አስቀድሞ መናገሩ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

እኅታችን ከአናጺው አባታችንና በሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ከነበሩት እናታችን፣ ከአምስት ልጆች ሁለተኛ ሆነው ተወለዱ። አባታችን እንጨት ሁለት ዓመት ሳይደርቅ በር አይሠሩም ነበርና በቤታችን ውስጥ ከሰው ይልቅ ጣውላ ይበዛ ነበር፤ ደንበኛውም “አንተ ሰውዬ፣ በሩን የምፈልገው ለራሴ ነው ለልጅ ልጄ?” እያለ ወደ ሌላ አናጺ ይሄድ ነበር። እናታችን በዚህ ጉዳይ ላይ የነበራቸው አስተያየት በዚህ ቦታ የሚነበብ አይደለም። እኅታችን ግን ከጣውላው ሥር ተቀምጠው፣ የትኛው እንደጎበጠና የትኛው ቀጥ ብሎ እንደቀረ በየወሩ በጠመኔ ምልክት ያደርጉ ነበር።

ትምህርታቸውን በስድስት ዓመታቸው ጀምረው ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ እናታችን ወገባቸውን ስለታመሙ፣ ሁለት ዓመት አቋርጠው ቤት ሲያስተዳድሩ ቆዩ። ሲመለሱም ከታናናሾቻቸው ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ “እትዬ” እየተባሉ፣ ሳያፍሩ ጨረሱ። ከዚያም የቅየሳ ሥልጠና ወስደው በማዘጋጃ ቤት በቀያሽነት ተቀጠሩ፤ በሠላሳ ዓመታቸውም የአውቶቡስ ሾፌር ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው፣ ከአንድ ትልቅ የድንጋይ ግንብ ሥር በተሠራ፣ አርባ ሁለት አባወራዎች በሚኖሩበት ሕንፃ፣ በቤት ቁጥር ሰባት መኖር ጀመሩ። ግንቡ ከበላዩ ያለውን ኮረብታ ደግፎ የያዘ ሲሆን፣ ከመኝታ ቤታቸው መስኮት እስከ ግንቡ ድረስ አራት እርምጃ ነበር። አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ ያፈሩትም በዚሁ ቤት ነው።

በሠላሳ አምስት ዓመታቸው አንድ ቀን ልብስ ሲያሰጡ በግንቡ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ አዩ። አልጮኹም። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ምስማር መቱና በምስማሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ካሊፐር በሚባለው የሚሊሜትር መለኪያ ለክተው በደብተር ጻፉ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ፀሐይ ድንጋዩን ሳታሞቀው፣ ይለኩ ጀመር። የሠፈሩ ሰው “እትዬ ሚሊሜትር” የሚል ስም አወጣላቸው። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ሲባል አዎን የሚለው ሁሉ፣ ግንብም በእግሩ እንደሚሄድ ሲነገረው ሳቀ።

ባለቤታቸው ግን አልሳቁም። ሰኞ ሰኞ ቁልፋቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው “እህ፣ ስንት ደረሰ?” ሳይሉ ወደ ሥራ አይወጡም ነበር፤ ክረምት በገባ ቁጥርም ልጆቹን ይዘን እንውጣ ይሉ ነበር። የእኅታችን መልስ ለዓመታት አንድ ነበር፤ በዓመት አንድ ሚሊሜትር አይሞላም፣ ገና ነው። ለመሥሪያ ቤታቸውም በየዓመቱ “አያሰጋም” ብለው ጻፉ። ይህን የምንናገረው ኋላ ላይ “ድሮም ፍርሃት ነበረባቸው” የሚሉ ስለተነሡ ነው። ፍርሃት የነበረበት ሰው ከዚያ ግንብ ሥር ሁለት ልጅ አያሳድግም፤ የነበራቸው ቁጥር ነው፤ ቤተሰቡም የሚተኛው በዚያ ቁጥር ላይ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለና የሥራ ክፍሉ ኃላፊ ግንቡን በሙሉ አስለስነው ቀለም አስቀቡት። ምስማሮቹ ከልስኑ ሥር ተቀበሩ። ኃላፊው በእጃቸው መዳፍ ግንቡን እየመቱ “ይኸው፣ ዳነላችሁ!” አሉ፤ ልስኑን ለመቦርቦር የቀረበላቸውንም ማመልከቻ “የመንግሥት ንብረት ማበላሸት” ብለው መለሱት። እኅታችን ጠበቁ። በሰባተኛው ወር አዲሱ ልስን በአሮጌው መስመር ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ተሰነጠቀ፤ እሳቸውም በማግሥቱ አዲስ ምስማር መቱ። አብሯቸው የሚሠራ የፕላን ነዳፊ “ምን ቸገረዎት፣ የሰባቱን ወር በግምት ይሙሉት” ቢላቸው፣ ያልለኩትን እንደማይጽፉ ነግረውት ሰባቱን ወር ባዶ ተዉት።

ያ ባዶ ቦታ ዋጋ አስከፈላቸው። በሃያ ሦስተኛው ዓመት በግንቡ እግር ያሉት የውኃ መውጫ ቱቦዎች በደለል ተደፈኑና ስንጥቁ በሦስት ወር አራት ሚሊሜትር ሰፋ። እኅታችን ሕንፃው ይለቀቅ ብለው ሲጽፉ፣ መሥሪያ ቤቱ “መረጃዎ የሰባት ወር ክፍተት ስላለበት ተቀባይነት የለውም” ሲል መለሰላቸው። ክፍተቱን የፈጠረውን ልስን ያዘዘው ማን እንደሆነ ደብዳቤው አላነሣም። ስለዚህ ክፍተት የሌለበት አዲስ መዝገብ ለማቅረብ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ለኩ፤ ባለቤታቸው መኝታውን ወደ ፊተኛው ክፍል አዛወሩት፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ በር ጮክ ብሎ የሚዘጋ ሰው አልነበረም። የጉበት ሕመማቸው የተገኘውም በዚሁ ጊዜ ነው። ሐኪሙ ዕረፍት ቢያዝላቸውም፣ ሰኞ ሰኞ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ታወጣቸው ነበር።

በመጨረሻ ክረምት ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሕንፃው እንዲለቀቅ ታዘዘ፤ አርባ ሁለቱ አባወራዎች በመጋረጃ ወደ ተከፋፈለ አሮጌ መጋዘን ገቡ። እኅታችን ግንቡ በአምስት ሳምንት ውስጥ ይወድቃል ብለው ነበር። አምስት ሳምንት አለፈ፤ ግንቡ ቆሟል። ስድስት ሆነ፤ ቆሟል። መጋዘኑ ያፈስሳል፣ ሕፃናት ያስላሉ፣ መጋረጃው የጎረቤትን ጠብ አይሸፍንም። እሳቸው ሲያልፉ ሰው ሰላም ማለት ተወ። የቤት ቁጥር ዘጠኙ ልብስ ሰፊ ሁሉን ወክሎ መጣና፣ “እትዬ፣ ይህ ግንብ እርስዎን አክብሮ ነው መሰል የቆመው። ወይ እሱ ይውደቅ ወይ እኛ እንግባ!” አላቸው። እኅታችን ካሊፐሩን አውጥተው “በል እንካ፣ ከእንግዲህ አንተ ለካ” አሉት፤ አያያዙንም አሳዩት።

ልብስ ሰፊው በመጀመሪያው ሰኞ በስድስት አሥረኛ ሚሊሜትር መስፋቱን አነበበና ትከሻውን ሰበቀ። በሁለተኛው ሰኞ አንድ ከሁለት አሥረኛ ሆነ። በሦስተኛው ሁለት ከአንድ አሥረኛ ሲሆን ተሳስቼ ነው ብሎ አራት ጊዜ ለካ። በዚያው ሳምንት መሥሪያ ቤቱ መመለስ ይቻላል የሚል ደብዳቤ አወጣ፤ ሰዉም ፍራሹን ተሸክሞ ግቢው በር ላይ ተሰበሰበ። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ “የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ ይለካ!” አለ። ሰደቡት፤ “አንተ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው መሐንዲስ የሆንከው፣ ቀሚሴን እንኳ አሳጥረህብኝ የለ!” ያሉት አሮጊት ዛሬ እዚህ አሉ። ቢሆንም ተራ ገብተው፣ አንድ በአንድ፣ የሳምንቱን ቁጥር ካለፈው ሳምንት ቁጥር ጋር አስተያዩ። የለካ ሁሉ ፍራሹን ይዞ ወደ መጋዘኑ ተመለሰ። እኅታችን ይህን ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር።

ግንቡ ከዚያ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ምሳ ላይ በሚሆንበት ሰዓት፣ ኮረብታውን አስከትሎ በባዶው ሕንፃ ላይ ወደቀ። እኅታችን በዚያን ጊዜ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ባለቤታቸው ሮጠው ገብተው ሲነግሯቸው መጀመሪያ የጠየቁት የመጨረሻው ልክ ስንት እንደነበር ነው። ከተነገራቸው በኋላም በስሌታቸው ከስድስት ሳምንት በላይ መሳሳታቸው ሲቆጫቸው እንደነበር የተኙበት ክፍል ነርስ መስክራለች።

እኅታችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከትናንት በስቲያ በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከኋላቸውም ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውን፣ አራት ወንድምና እኅቶቻቸውን፣ እንዲሁም ከአርባ ሁለቱ ቤቶች አንድ መቶ ዘጠና አራት ሰዎችን ትተዋል። ከሁላችን ይልቅ መታገሥን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ያድለን።

ግንቡን በተመለከተ መሥሪያ ቤቱ ያወጣው መግለጫ አጭር ነው፦ የሞተ የለም፤ የቆሰለ የለም፤ የግቢው ጥበቃ ወንበር ተሰብሯል።