በአንድ ምሰሶ ሁለት ሽቦ

አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ፤ አልጋዬን አነጠፍኩ፤ ስልኩን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። ባለቤቴ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር። ከመስኮታችን ፊት ለፊት ያለውን ምሰሶ የተከሉት እሱና አለቃው ናቸው። መስመር በጠገነ ቁጥር እዚያው ላይ ሆኖ ወደ ቤት ይደውልና «ይሰማል?» ይለኝ ነበር። በመስኮቱ እያየሁት «ይሰማል» እለው ነበር። ለሙከራው ይኸው ይበቃ ነበር፤ እሱ ግን ምን እየሠራሁ እንደሆነ ሳይጠይቅ አይዘጋም ነበር።

ዳቦ ልገዛ ስወጣ ምሰሶው ሥር አለቃን አገኘሁት። ጀርባውን ለምሰሶው ሰጥቶ ቆሟል። ፊት ለፊቱ መሰላል ይዛ የቆመችው የወንድሜ ልጅ ናት፤ የአዲሱ የስልክ ኩባንያ መሐንዲስ። የመንግሥት የነበረው የስልክ ድርጅት ለግል ከተሸጠ ወዲህ፣ አዳዲስ ኩባንያዎችም ኪራይ እየከፈሉ በነባሮቹ ምሰሶዎች እንዲጠቀሙ ተፈቅዷል። ሽቦ የሚሰቀለው ግን የምሰሶዎቹ ኃላፊ «ሸክሙን ይችላል» ሲል ነው፤ ኃላፊው ደግሞ አለቃ ነው። እምቢ ካለ ኩባንያው መስመር ሊያስገባለት ያሰበው የታችኛው ሰፈር እንደ ወትሮው ያለ ስልክ ይቀራል። የአካባቢያችን አዋላጅ የምትኖረው እዚያ ነው።

«ልጄ፣ ይኼ እኛ በትከሻችን ተሸክመን የተከልነው ነው» አላት። «አቅሙ ካላችሁ የራሳችሁን ትከሉ።»

«ጋሼ፣ መንገዱ ጠባብ ነው። ሁለተኛ ረድፍ ብንተክል ሰው በየት ይለፍ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። ሽቦ ሲያብር ግን ምሰሶ ይሰብራል።»

ሦስታችንም ሳቅን። ክርክሩ ግን አልበረደም። እሱ፣ ምሰሶ የወደቀ ቀን ሁሉም «የእኔ አይደለም» ብሎ ይሸሻል አለ። እሷ፣ የጥገናው ድርሻ አስቀድሞ በውል እንደሚለይ አስረዳችው፤ ደንበኛ ሌላ መሄጃ ካገኘ ነባሩም እንደሚተጋ ጨመረችለት። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

«እስቲ አንቺ ፍረጂን፣ እህቴ። ባልሽ ቢኖር ይፈቅድ ነበር?»

መልሱን አላውቅም። የማውቀውን ነገርኩት።

«የታመመ ዕለት ምሰሶው ቆሞ ነበር፤ ሽቦውም ደህና ነበር። የተበላሸው ጥሪዎችን የሚያገናኘው የድርጅቱ ማዞሪያ ነው። ሐኪም የምጠራበት ሌላ መስመር አልነበረኝም።»

አለቃ ይህን ያውቃል። ሐኪሙን በእግሩ ሮጦ ያመጣው እሱ ነበር። ሲደርሱ ግን ባለቤቴ አርፎ ነበር።

አለቃ መዶሻውን ከቀበቶው አውጥቶ በእጀታው ምሰሶውን ከሥሩ ጀምሮ አንኳኳ፤ ውስጡ እንዳልበሰበሰ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ባለቤቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር።

«ጤነኛ ነው» አለ፤ ከምሰሶውም ገለል አለ። «ከእኛ ሽቦ ክንድ ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ የሚወጣው ሠራተኛ እንዳይጠላለፍበት።»

ዛሬ የታችኛው ሰፈር ስልክ አለው፤ ምጥ የያዛት ሴት አዋላጇን ከአልጋዋ ሆና ትጠራለች። የሁለቱ ድርጅቶች ፉክክር ዋጋውን አወረደው። ነባሩ ድርጅትም ደንበኛ እንዳይሸሸው ብልሽት በተነገረው ዕለት ይመጣል፤ የአንዱ ማዞሪያ ቢቆም የሌላው ይሠራል። አለቃ ራሱ ከአዲሱ ኩባንያ መስመር አስገብቷል፤ «ለክፉ ቀን» ይላል። አንዱ የተከለው ብዙዎችን ቢያገለግል የተካዩ ድካም እንደማይረሳ ተረድቻለሁ።

መስመሩ አሁን ብዙም አይበላሽም፤ ቢበላሽም የሚፈትኑት ከሩቅ፣ በመሣሪያ ነው። ምሰሶው ላይ ወጥቶ «ይሰማል?» የሚለኝ የለም።