ፕላኑ ላይ ያልነበረው መውጫ

ነቀምቴ ያለው የካቶሊክ ቁምስናችን ሊያሠራው ያሰበው ትምህርት ቤት ፕላን ለምእመናን ቀረበ። መግቢያው ደረጃ ብቻ ነው። እጄን አውጥቼ፣ «በዊልቸር የሚመጣ ልጅ በየት ይገባል?» አልኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ኦቦ ገመቹ፣ «ለተዳፋት መውጫ ብር አልተረፈንም፤ ደግሞም ያንተ ልጅ…» ብለው አቆሙ። በዊልቸር ትሄድ የነበረችው ልጄ ሲፈን ባለፈው ክረምት አርፋለች። የድሮውን ትምህርት ቤት ደረጃ በየቀኑ አዝዬ የማወጣት እኔ ነበርኩ። «የሚቀጥለው አባት እንዳያዝል ብዬ ነው» አልኳቸው።

ሽንኩርት ነጋዴዋ አዴ ጫልቱ ተነሱ። «ፕላኑ ላይ ያለው የግንብ አጥር ይቅርና ብሩ ለመውጫው ይሁን። እኛ ከየጓሯችን ባሕር ዛፍ ቆርጠን እናጥራለን። ወይስ ልጆቹን የሚያስተምረው አጥሩ ነው?» ሁሉም ሳቀ፤ ለድጋፍ እጁን ያላወጣ አልነበረም። ኦቦ ገመቹ እስክሪብቷቸውን ሰጡኝና መውጫውን ፕላኑ ላይ አሰመርኩ። «አስፋው እንጂ ልጄ፣ ሁለት ዊልቸር ጎን ለጎን ይውጣበት» አሉኝ አዴ ጫልቱ ከኋላዬ ሆነው። አሰፋሁት።