የአቶ ፍረዝጊ ልብና የሽንት ክኒን

ሰው ክብሩን ለመጠበቅ ሲል ብዙ ሞኝነት ይሠራል፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን ከገዛ አካሉ ጋር መጣላቱ ነው። አቶ ፍረዝጊ የተጣሉት ከገዛ ሽንታቸው ጋር ነበር።

እኚህ ሰው በጎልማሳነታቸው በአሰብ መንገድ ተሳቢ መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ አማርኛውን ከአዲስ አበባ ጋራዦች የቀሰሙ፣ ኋላም ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ኣለም ጋር ናይሮቢ ገብተው ካሳራኒ የከተሙ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። አንደበታቸው የጣፈጠ፣ ምርቃታቸው የደረሰ ስለሚባል በከተማው ሐበሻ ዘንድ ያለ እሳቸው ሽምግልና አይላክም። ልባቸው መድከም ከጀመረ ወዲህ ሐኪም አንዲት ነጭ ክኒን አዞላቸው ነበር። ሥራዋ በሰውነት የተጠራቀመውን ውሃ በሽንት ማስወጣት ነው። እሳቸው ግን የሚውጧት ከቤት በማይወጡበት ቀን ብቻ ነበር። የተከበረ ሽማግሌ ሰው መሀል ንግግሩን አቋርጦ ሽንት ቤት ሲጠይቅ ከሚታይስ ሞቱን ይመርጣል፤ የእሳቸው ሕግ ይህ ነው።

አንድ ማለዳ ጫማቸው አልገባ አላቸው። ያለፈውን ላካክስ ብለው ሦስት ክኒን በአንድ ጊዜ ዋጡና ፓርክላንድስ ወዳለው ልብስ ሰፊ ለመሄድ ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ሚኒባስ ተሳፈሩ። የሽምግልና ኮታቸው ስለጠበበባቸው ሊያስሰፉት ነው። መንገዱ ተዘጋ። ማታቱ ውስጥ ቀበቶ ማሰር ግዴታ የሆነበት ዘመን ነበርና ቀበቶው ከእምብርታቸው በታች፣ መጥበቅ በማይገባው ቦታ ላይ ጠብቆ ተቀመጠ። ክኒኖቹም ሥራቸውን ጀመሩ።

«ሹኪሻ ሃፓ! አውርደኝ!» ብለው ጮኹ።

«ምዜ፣ ስቴጅ ባዶ!» አላቸው ረዳቱ፤ ሽማግሌ፣ ፌርማታው ገና ነው ማለቱ ነው።

«የእኔ ስቴጅ ደርሷል!» አሉና በሩን ራሳቸው ከፍተው ወረዱ። ዓይናቸው መጀመሪያ ያገኘው አንድ የግል ክሊኒክ ነበር። ዘበኛው ታማሚ ናቸው ወይስ ጠያቂ ብሎ ሲያስቆማቸው «ታማሚ! ታማሚ ነኝ!» ብለው በጎኑ አለፉ።

ሲመለሱ ፊታቸው እንደ ፋሲካ ማለዳ በርቶ ነበር። ቀስ ብለው ሊወጡ ሲሉ ግን ዘበኛው፣ ለሥራው ታማኝ ሰው ነውና፣ እጃቸውን ይዞ ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

«እመብርሃን፣ ምን ውስጥ አስገባሽኝ?» ብለው በአማርኛ አጉረመረሙ።

«ባስገባችዎ መንገድ ታወጣዎታለች፤ እስከዚያው ግን አይነሡ» አለች አንዲት ወጣት ነርስ ከበስተኋላቸው። ስሟ ናፍቆት ይባላል። ከልጅነቷ ጀምሮ ናይሮቢ ያደገች፣ የልብ በሽተኞችን መንከባከብ የተማረች ልጅ ናት።

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ የገባሁት ለሽንት ቤት ነው።»

«ታማሚ ነኝ ብለዋል እኮ፣ ጋሼ።»

«ሽንት የያዘው ሰው ምን የማይለው አለ?»

«እርስዎ ሊዋሹ ይችላሉ፤ እግርዎ ግን አልዋሸም» አለችና ተንበርክካ ቅልጥማቸውን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። የጣቷ ቦታ እንደ ሊጥ ሰርጉዶ ቀረ።

«ይሄ ውፍረት ነው» አሉ አቶ ፍረዝጊ። «ናይሮቢ ተስማምታኛለች። ኮቴ እንኳ ጠቦኛል።»

«ሰው ሲወፍር ከቁርጭምጭሚቱ ይጀምራል? ኮቱ አልጠበበም፤ ውሃ የሞሉት እርስዎ ነዎት። ማታስ እንዴት ይተኛሉ?»

«እንደ ንጉሥ! ሦስት ትራስ ተደግፌ፣ ቁጭ ብዬ።»

«ንጉሥም ሲተኛ ይጋደማል። ጋደም ሲሉ ምን ይሆናሉ?»

አቶ ፍረዝጊ ትንፋሽ ያጥረኛል ማለት ከበዳቸውና «ሐሳብ ይበዛብኛል» አሉ።

ናፍቆት ሳቋን ዋጠች። የሚወስዱትን መድኃኒት ጠይቃ፣ ክኒኗን ሲዘሉና ሲደርቡ እንደኖሩ ስትሰማ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ይሄ አደጋ ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ይይዎት። ደምዎም ይመርመር።»

«ደሜን? ሽንቴን ልሰጥ ገብቼ ደሜን ከፍዬ ልውጣ? ልጄ፣ የልብን ነገር ልብ የሰጠ ያውቃል። ውሃውም ቢሆን የራሴ ውሃ ነው፤ ለማንም አላበድርም!» ብለው ኮታቸውን አንጠልጥለው ወጡ። ዘበኛውም በአክብሮት ሰላምታ ሸኛቸው።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ከውጭ ያለው ወንዝ እንዲያ ከሆነ፣ ከውስጥ የሚሞላው ምን ያህል ያሳስቅ ይሆን?

የሽምግልናው እሑድ ደረሰ። አወቀ የሚባለው የጎረቤታቸው ልጅ፣ አውሮፕላን ጣቢያ ጭነት ክፍል የሚሠራው፣ ኪሊማኒ የሚኖሩትን የአቶ ኢዮስያስን ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ላኩልኝ ብሏል። አቶ ፍረዝጊ ስለ ልጅቷ የሚያውቁት ቤተሰቡ ሚጣ ብሎ እንደሚጠራት ብቻ ነው። ለክብራቸው ሲሉ ክኒኗን ከሐሙስ ጀምሮ ትተዋል። ጠዋት ደግሞ ወይዘሮ ኣለም ቋንጣ ፍርፍር፣ ጨውና በርበሬው የሚናገር፣ አቅርበውላቸው ሳህኑን አጥርተውታል። ኪሊማኒ ሲደርሱ መብራት ስለጠፋ ሊፍቱ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጡ።

አቶ ፍረዝጊ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ልመናው ሳይመለስ ሽማግሌ አይቀመጥምና «ተቀመጡ» ሲባሉ እንቢ አሉ። «የመጣንበት ጉዳይ ትልቅ ነው» ብለው ጀመሩ። «ዛፍ ያለ ሥር፣ ቤት ያለ ምሰሶ አይቆምም። እኛም… ልጃችሁን… ለልጃችን…» አሉና ንግግራቸው ቆመ።

አቶ ኢዮስያስ «እንዲህ ነው ንግግር! ማቆምን ያውቁበታል» እያሉ በልባቸው አደነቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ አለኸኝ ዕንባ አቀረሩ። ዝምታው ግን ረዘመ። ከአቶ ፍረዝጊ ደረት ውስጥ እንደ ፈላ ጀበና የሚንተከተክ ድምፅ መጣ፤ ከንፈራቸውም ጠቆረ።

«ያዟቸው! አስተኟቸው! ውሃ አምጡ!» ተባለ። አንዱ እግራቸውን፣ አንዱ ራሳቸውን ያዘ። በዚህ ጊዜ የጓዳው በር ተከፈተና የምትለመነው ልጅ ፀጉሯ በግማሽ እንደተሠራ ሮጣ ወጣች።

«አታስተኟቸው! ውሃም እንዳትሰጧቸው!»

አቶ ፍረዝጊ ቀና ብለው አዩ። የክሊኒኳ ነርስ ናት። ሞት በር ላይ ቆሞም ቢሆን ሥርዓት አይጣስምና በቀራቸው ትንፋሽ «አንቺ… የምትለመን ልጅ… አትወጣም!» አሉ።

«የሚለምነኝ ሽማግሌ ከሞተ ማን ያገባኛል?» አለች ናፍቆት። ወንበር አምጥታ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻቸው፤ እግራቸውን ወደ ታች አወረደች፣ ከረባታቸውን ፈታች፣ መስኮት አስከፈተች። «አይናገሩ፤ እኔን እያዩ ቀስ ብለው ይተንፍሱ። አባዬ፣ ታክሲ!» ከታች ሆነው መልስ ሲጠብቁ የነበሩት አወቀና ጓደኞቹ ተጠርተው ከነወንበሩ ተሸክመው አወረዷቸው። ያን ቀን ሽማግሌ ለልመና ሄዶ እንደ ታቦት ተሸክመው ሲመልሱት ኪሊማኒ ለመጀመሪያ ጊዜ አየች።

ሆስፒታል ኦክስጅን ተሰጣቸው፤ ያች ክኒን በመርፌ መልክ በደም ሥራቸው ገባች። ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጥፎ የልባቸው ምት በመስኮት ላይ እንዳለ ሰው በስክሪን ይታይ ጀመር። የሸኑትም ሽንት በመለኪያ ዕቃ ተቀዳ። በማግስቱ ናፍቆት ልትጠይቃቸው ስትመጣ ትንፋሻቸው ተመልሶ ቁጣቸውም አብሮት ተመልሶ ነበር።

«በዚህ ዕድሜዬ ሽንቴ አሰብ ላይ ለመኪናዬ እንደምቀዳው ነዳጅ በሊትር ይለካ?»

«ከአሰብ ሲነሡ ነዳጅ ሳይለኩ ነበር?»

«እሱማ… መኪና ነው።»

«ልብም ፖምፓ ነው፣ ጋሼ። ፖምፓው ሲደክም ውሃው ወደ ኋላ ይመለስና እግር ላይ ይተኛል፤ ሲብስ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ትናንት ንግግርዎን ያቋረጠው ውሃ ነው። ውሃውን የሚይዘው ደግሞ ጨው ነው።»

ወይዘሮ ኣለም ከአልጋው ማዶ ሆነው «እንዴ ልጄ፣ ጨው የሌለው ወጥ ምን ወጥ ነው? እኔ የማደርገው ቁንጥር ነው» አሉ።

«በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ሽሮውም እንደዚያው። ቋንጣውም በጨው ነው የደረቀው። የእርስዎ ቁንጥር በዚያ ሁሉ ላይ ነው የሚጨመረው፣ እማማ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ ያድርጉበት፤ ምላስ ሰነፍ አይደለም፣ በጥቂት ሳምንት ይለምደዋል።»

አቶ ፍረዝጊ ክንዳቸው ላይ የተለጠፈውን ጥጥ እያሳዩ «ይሁን፣ ጨውን ተውኩ። ይሄን ደም መምጠጥ ግን ምን አመጣው?» አሉ።

«በደምዎ ውስጥ ልብን ደህና የሚያስመታ ማዕድን አለ፤ ፖታሲየም ይባላል። ክኒኗ ውሃውን ስታስወጣ እሱንም ይዛው ትወጣለች። እርስዎ ሦስት በአንድ ጊዜ ሲውጡማ ጠርጋ ነው የምታወጣው። ሲያንስ ልብ ይደናቀፋል፤ ሲበዛም እንደዚያው።»

አቶ ፍረዝጊ ከትራሳቸው ተነሡ። «የባትሪ ውሃ!»

«ምን አሉ?»

«የባትሪ ውሃ ነዋ፣ ልጄ! አሲዱ ካነሰ መኪናው አይነሣም፤ ከበዛ ባትሪውን ይበላዋል። ልኩን የማያውቅ ረዳት ስንት ባትሪ አቃጥሎብኛል!»

«ታዲያ ልኩን በምን ያውቁ ነበር?»

«በመለኪያ ነዋ! ክዳኑን ከፍቼ፣ ትንሽ መጥጬ…» አሉና ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። ጥጡን አዩት፤ ናፍቆትን አዩአት። «ደም የምትወስዱት… ለዚህ ነው?»

«ክዳን ስለሌለዎት ነው፣ ጋሼ።»

እውነት ወደ ሰው የምትገባው በሚያውቀው በር ነው። ለገበሬ በእርሻው፣ ለነጋዴ በሚዛኑ፣ ለሾፌር በባትሪው ካልነገሩት ምክር ሁሉ ስድብ ይመስለዋል። አቶ ፍረዝጊ ግን አንዴ ካመኑ ልክ የማያውቁ ሰው ናቸውና ፖታሲየም ሙዝ ውስጥ እንዳለ ሲሰሙ «ኣለም! ሙዝ ግዢ! ዘለላውን በሙሉ!» አሉ።

«አይሆንም!» አለች ናፍቆት። «ኩላሊት ከደከመ ወይም ሐኪሙ ሌላ ዓይነት ክኒን ከጨመረ ፖታሲየሙ ይበዛና ሙዙ ራሱ ይጎዳዎታል። መጀመሪያ ደም፣ ከዚያ ሙዝ።»

አቶ ፍረዝጊ አንገታቸውን ደፉ። የቀራቸው አንድ ጥያቄ ነበር፤ እሱን ለመጠየቅ ወይዘሮ ኣለምን ሻይ እንዲያመጡ ላኳቸው። «ልጄ… ሽምግልናስ? ቆሜ እየተናገርኩ ብትመጣብኝስ?»

«ክኒኗ የምትሯሯጠው ከተዋጠች በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው። ጠዋት ሽምግልና ካለብዎት ሲመለሱ ይውሰዷት፤ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ሰዓቷን እናስተካክላለን። ሰዓቷን መቀየር ይቻላል። እሷን መተው፣ ቆይቶ መደረብ ግን የለም። ሳዋ?»

«ሳዋ» አሉ በስዋሂሊው፤ መስማማታቸው ነው። ከዚያ ተቆጡ። «ይህን እስከ ዛሬ ለምን ማንም አልነገረኝም?»

«ጠይቀው ያውቃሉ?»

«ሽማግሌ ስለ ሽንቱ ይጠይቃል?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉት ሽማግሌዎች አይደሉም?»

በራሳቸው ተረት ተመቱ። በዚህ መሀል አቶ ኢዮስያስ ብርቱካን ይዘው ገቡ። አቶ ፍረዝጊ ከአልጋቸው ሊቆሙ ሲታገሉ ናፍቆት በዓይኗ አስቀመጠቻቸው።

«ሽማግሌ ተቀምጦ አይለምንም» አሉ እያፈሩ። «ቢሆንም… ልጅዎን ለልጃችን።»

«ልጅቷ ልመናው ሳያልቅ ወጥታ በእጇ ይዛዎታለች» አሉ አቶ ኢዮስያስ እየሳቁ። «እኔ አሁን እንቢ ብል ማን ይሰማኛል? ሰጥቻለሁ።»

ናፍቆት ይህን ሰምታ የልብ ምት ወደሚታይበት ስክሪን ዞረች፤ የሚታየው ግን የእሷ አልነበረም።

አቶ ፍረዝጊ ቤታቸው ሲገቡ ሚዛን ተገዛ። የመጀመሪያውን ቀን ከነኮታቸውና ከነጫማቸው ወጥተውበት ደነገጡ፤ ኋላ ግን ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ በቀላል ልብስ መሆኑን ለመዱ። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ያህል ከጨመሩ ለክሊኒኩ ይደውላሉ። ወይዘሮ ኣለም በርበሬውን ያለ ጨው ማዘጋጀት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ሳምንት ሁለቱም አኩርፈው በሉ፣ ቀጥሎ ዝም ብለው በሉ፣ ከዚያ እየደገሙ በሉ። የወይዘሮ ኣለምም የደም ግፊት ሳይጠሩት ወረደ። አቶ ፍረዝጊ በአንድ ትራስ ጋደም ብለው ይተኛሉ፤ ጫማቸውን ራሳቸው ያስራሉ፤ የሰፋው ኮት ሰፍቷቸው ተመልሶ እንዲጠብ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄደ። ማታቱ ላይም በሰላም ይሳፈራሉ፤ ክኒኗ በሰዓቷ ናትና።

በሠርጉ ቀን መርቁ ተባሉ። እንግዳው ሁሉ ምግቡ ፊቱ ተቀምጦ የሽማግሌው ትንፋሽ አጭር ስለሆነ ምርቃቱም ያጥራል ብሎ ተስፋ አደረገ። አቶ ፍረዝጊ ያለ በትር ቆሙ።

«ፍቅራችሁን ያብዛው!»

«አሜን!»

«ጨዋችሁን ያሳንሰው!»

እንግዳው ተያየ። ናፍቆት በቬሏ ሥር ሆና ቀድማ «አሜን!» አለች።

«እግር ሲያብጥ ውፍረት ነው ከሚል ሞኝነት ይሰውራችሁ!»

«አሜን!» አሉ አቶ አለኸኝ፣ እግራቸውን ከጠረጴዛው ሥር እየሳቡ።

«የታዘዘውን መድኃኒት በልኩ፣ በሰዓቱ የምትውጡ ያድርጋችሁ! ደማችሁን ሲመረምሩ የማትሸሹ፣ ሐኪም ሲጠይቃችሁ የማታፍሩ፣ ያልገባችሁን የምትጠይቁ ያድርጋችሁ! ሚስት ባሏን፣ ባል ሚስቱን ሳይታመም የሚጠብቅ ይሁን! ወልዳችሁ ሳሙ፤ የልጅ ልጃችሁን ተሸክማችሁ ሦስት ፎቅ ውጡ፣ ሊፍቱም ቢቆም!»

«አሜን! አሜን!»

ምርቃቱ ቀጠለ፤ ወጡ ቀዘቀዘ። የሽማግሌው ትንፋሽ መመለሱን ያላወቀ ሁሉ ተራበ።