አንዲት ጠብታ እስክትዋጥ

በእኛ ጊዜ ልጅ ተወልዶ ጡት ያዘ ከተባለ አለቀ፤ ያዘ ወይ ነው እንጂ ዋጠ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። መዋጥም ትምህርት ሆነ ወይ? ጥጃን ማን አስተማረው? እንል ነበር። ታዲያ ይቺን ልጅ እስካይ ድረስ፣ ይቺን አሁን ደጅ ከዶሮ ጋር የምትሯሯጠውን እስካይ ድረስ እኔም እንደዚያው ነበርሁ። ሰባት አሳድጌያለሁ፣ እና ሰባቱም እየዋጡ ነው የመጡልኝ፣ ምኑን አውቄው!

እናቷ የዝና የሞጣ ልጅ ናት። ቢቸና አግብታ መጥታ ጎረቤቴ ሆነች። ወለደች፣ እልል አልን፣ ገንፎ በላን። ታዲያ ሕፃኗ ጡት ትስባለች፣ ትስባለች፣ ከዚያ ትን! ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ወተቱ በአፍንጫዋ ይመለሳል። እኛ ሴቶቹ ከበብናት። አንዷ፣ «ቅቤ አውጧት!» ትላለች። ሌላዋ፣ «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥላት!» ትላለች። የዝና ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «ማንም ጣቱን አፏ ውስጥ አያስገባም!» አለችን። አራስ እኮ ናት! አራስ እንዲህ ስትጮኽ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሁላችንም እጃችንን ሰበሰብን።

ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፣ ሪፈር ተባለች፣ ባሕር ዳር ሄደች፣ ሰነበተች፣ ተመለሰች። ስትመለስ በልጅቱ አፍንጫ ቀጭን ቱቦ ገብቶ ጉንጯ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል።

— በአፍንጫ ነው የምትበላው?

አዎ በአፍንጫ፣ ምን አፍህን ትከፍታለህ! እኔም እንዳንተው ከፍቼ ነበር። «እማማ፣ የምትስበው ወደ ሆዷ መሄዱን ትቶ ወደ ሳንባዋ ይገባል» አለችኝ የዝና። «እስክትጠነክር በዚህ ትመገባለች፣ በአፏ ደግሞ ጠብታ በጠብታ አለማምዳታለሁ።» እና ጡቷን በእጇ እያለበች፣ በቱቦው ቀስ እያደረገች፣ ሌሊቱን ቀን፣ ቀኑን ሌሊት አድርጋ ያዘችው። ባሏ የመመገቢያውን እቃ በውኃ ያፈላል፣ እሷ ትመግባለች። አንድ ቀን እንኳ «እግዜር እኔን ለምን መረጠኝ» ስትል አልሰማኋትም። አልሰማኋትም።

ታዲያ መምሬ ፈንታ መጡ፣ የነፍስ አባታቸው። ቱቦውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ» አሏት፣ «ሰማንያ ቀን ሩቅ ነው። ሰው ነን። ዛሬውኑ ክርስትና ትነሳ።» እውነታቸውን ነው! ሳትጠመቅ ብትሞትስ? እኔም በልቤ እሺ በይ፣ እሺ በይ እላለሁ።

የዝና ምን አለች? «አይ መምሬ። ዛሬ ካስነሳኋት አገሩ ሁሉ ለሞት ተዘጋጀች ይላል፤ እኔም እንደ ሟች ማየት እጀምራለሁ። ከባሰባት ግን እኔው ነኝ እየሮጥሁ ደጅዎ የምመጣው። ካልባሰባት በሰማንያ ቀኗ እንደ ማንም ልጅ ትነሳለች፣ እንደ ማንም ልጅ ትቆርባለች።»

ትቆርባለች ስትል ነው እኔ የደነገጥሁት! የክርስትና እናቷ ማን ነው? እኔ! መቅደሱ ፊት ይዣት የምቆመው እኔ! ደሙን በማንኪያ ያቀምሷታል፣ ከዚያ ዲያቆኑ ጠበሉን ያስከትላል። እና ትን ቢላትስ? ቅዱሱ ነገር ከአፏ ቢመለስስ? እኔ እጅ ላይ! ወይ ጣጣዬ!

«ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ» አለችኝ። «አንዲት ጠብታ፣ ቀና ተደርጋ። ውኃ እንዳይከተል። እማማ፣ እርስዎ ይማሩታል።»

«እኔ? ሰባት ያሳደግሁ ሴትዮ?»

«ሰባት አሳድገዋል። ይቺን ግን አላሳደጉም።»

አያችሁ አነጋገሯን? ክብሬን አልነካች፣ መውጫም አልሰጠችኝ!

እና ተማርሁ። እኔ ክርስትና እናት፣ እሷ እንደ ቄስ ሆና፣ የሻይ ማንኪያ ይዛ ትመጣለች፣ ጫፏ ላይ አንዲት የወተት ጠብታ። «ወደ ኋላ አያስተኟት! አንገቷን በክንድዎ ይደግፉ። አገጯ ዝቅ ይበል። ዓይንዎን ከጉሮሮዋ አይንቀሉ።» ጠብታዋ ትገባለች። እንጠብቃለን። እንጠብቃለን። እኔ ቸኩዬ፣ «ጨምሪላት እንጂ!» ስል፣ «አልዋጠችም» ትለኛለች። «አፏ ባዶ ነው!» «አልዋጠችም፣ እማማ። ይዩ፣ አሁን!» እውነትም ያቺ ጉሮሮ፣ የጫጩት የምታህል፣ ከፍ አለችና ዝቅ አለች። የዝና ጉሮሮዋን ነበር የምታየው። እኔ ማንኪያ ነበር የማየው።

ሰማንያው ቀን ደረሰ። አልባሰባትም። ተጠመቀች፣ ሜሮን ተቀባች፣ ማተብ ታሰረላት፣ ቱቦዋ ከነፕላስተሩ፣ ወለተ ሥላሴ ተባለች። ቅዳሴው አልቆ ልንቆርብ ቆምን። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነው። የዝና ርቃ ከሴቶቹ መሐል ናት፣ መጥታ ልትረዳኝ አትችል። መምሬ እንደነገርናቸው አንዲት ጠብታ አፏ ላይ አደረጉ። እኔ ቀና አድርጌ ይዣለሁ፣ ዓይኔ ጉሮሮዋ ላይ ነው። አልዋጠችም። ሰልፉ ይገፋኛል፣ አልንቀሳቀስም። ታዲያ ያልተነገረው ዲያቆን ጠበሉን ይዞ ከተፍ! እጁ ወደ አፏ ሲመጣ ምን ብል ጥሩ ነው? «ቆይ አንተ! አልዋጠችም!» እዚያው! መቅደሱ ፊት! ልጁ ክው አለ። መምሬም እጃቸው እንዳለ ቆሙ።

ቀና ብዬ የዝናን ፈለግሁ። ልጇን አይደለም የምታየው፣ እኔን ነው፤ እና የራሷ ጉሮሮ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ። ባዶ አፏን ዋጠች። ወደ ሕፃኗ ብመለስ... አዎ! ከፍ አለች፣ ዝቅ አለች። አልሳለችም። ጠበሉን በጣቴ ጫፍ ነክቼ ከንፈሯን አበስሁላት፣ በቃ።

በኋላ መምሬ ጠሩን። «አንቺ ሴትዮ፣ በመቅደስ ዲያቆን ትቆጫለሽ?» «ያስተማረችኝን ይቆጡ መምሬ!» ብዬ የዝናን አሳየሁ። እሷ አቀረቀረች። እሳቸውም፣ «ስንት ዘመን ሳቆርብ» አሉ፣ «አንዲት ጠብታ እንዲህ ተጠንቅቆ የተቀበለ ሰው አላየሁም» ብለው መስቀላቸውን አሳለሟት። መጀመሪያ እናቲቱን ነው ያሳለሟት፣ ልብ በሉ።

ቱቦው ከዚያ በኋላም ብዙ ቆየ። ሳንባዋ ደጋግሞ ታመመ፣ ባሕር ዳር ተመላለሱ። በአንድ ጠብታ ዳነች አልላችሁም። ግን ጠብታ በጠብታ ነው የሆነው። እናንተ ጀግና ስትሉ ጠመንጃ የያዘ ይታያችኋል፤ እኔ ማንኪያ ይዛ የምትጠብቅ ትታየኛለች...

(እማማ የጠላ ዋንጫቸውን አነሱ፣ ሊስቁም ሊጠጡም ሲሉ ትን አላቸው። ሁላችንም ተነሣን። ልጅቱ ግን ዶሮዋን ትታ ከሁላችን ቀድማ ደረሰችና በትንሽ እጇ አገጫቸውን ያዘች።)

— እማማ፣ ዝቅ በይ። አትቸኩዪ። ዋጪ።

ዋጥሁ፣ ዋጥሁ!

— አፍሽን አሳዪኝ።

(አፋቸውን ከፈቱላት። ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየች፣ ከዚያም ደጃፉ ላይ ወደ ቆመችው እናቷ ዞራ፣ «ውጣለች» አለች።)