ሉድሚላ ራሷ ያስፈረሰችው ብየዳ

ወገኖቼ፣ ሸርጣኑ የትም አያመልጣችሁም፤ ተቀቅሏል። ቅርፊቱን የምትሰብሩበትን መዶሻ ለአፍታ አስቀምጡልኝ። ለማታውቁኝ አዳዲሶች፣ እኔ አምብሮዝ ቲልማን ነኝ፣ የዚህ የመርከብ መሥሪያ ግቢ የዕቃ መጋዘን ሰውዬ። ዛሬ በጡረታ የምንሸኛት ደግሞ እዚህ ፊቴ የተቀመጠችው፣ ከበር ጀምራ «አሳጥረው» እያለች የመጣችው ሉድሚላ ቫቭሪና ናት። አላሳጥረውም። ዛሬ እኔን የምትቆጣጠሪበት የመጨረሻ ቀንሽ ነው፤ እሱንም አልሰጥሽም።

መጀመሪያ የመጣችበትን ቀን ካልነገርኳችሁ ሌላው አይገባችሁም። የካቲት፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ አራት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና አላለቀም። የባሕር ኃይሉ በመሀል አገር ወንዝ ላይ የተሠሩትን ታንክ አራጋፊ መርከቦች እያመጣ እዚህ ባልቲሞር ያስረክበናል። መቶ ሜትር የምትረዝም፣ ሆዷ ባዶ፣ አፍንጫዋ እንደ ግቢ በር ለሁለት የሚከፈት መርከብ። አሸዋ ላይ ወጥታ፣ አፏን ከፍታ ታንክ እንድትተፋ ነው የተሠራችው። ለእኛ የተሰጠን ሥራ ግን ሌላ ነበር። አፍንጫዋን በይዳችሁ ድፈኑት፤ ሆዷ ውስጥ ቶርኖ ቤት፣ አንጥረኛ ቤት፣ አናጺ ቤት ሥሩ፤ ላይዋ ላይ የተመታ ጀልባ ከውኃ የሚያነሣ ማንሻ ትከሉ ተባልን። በአጭሩ ባሕር ላይ የምትሄድ ጋራዥ አድርጓት ነው ነገሩ።

እንግዲህ ያን ቀን ጠዋት አንዲት ሴትዮ የሟች ባሏን ቦት ጫማ አድርጋ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቃበት፣ ወደ መርከቧ አፍንጫ ቀጥ ብላ መጣች። ቆመች። በሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ በቡጢዋ ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

ከውስጥ አንድ አናጺ፣ «ማነው?» አለ።

«አዲሷ በያጅ ነኝ።»

«እመቤቴ፣ ይኼ በር የሚከፈተው ለታንክ ነው። በጎን መሰላል አለ።»

«ታዲያ በር ያለው ቤት አይንኳኳም እንዴ?» ብላ ተቆጥታ ሄደች። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ፣ መጸዳጃ ቤት የሚገባ ወንድ ሁሉ በሩን እያንኳኳ «አዲሷ በያጅ ነኝ» ይል ነበር። አትሳቂ ሉድሚላ፤ ያኔ አልሳቅሽም።

በዚህ ግቢ ውስጥ «እንደገና» የሚለውን ቃል ያልሰማ አለ? እጁን ያውጣ። የለም። ተቆጣጣሪ ከሆነች እነሆ አሥራ አምስት ዓመቷ። ብየዳውን በትንሿ መዶሻዋ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች፣ ጆሮዋን ታስጠጋለች፣ ጠመኔዋን ታወጣና «እንደገና» ብላ ትጽፋለች። አትሳደብም፣ አትቆጣም። ሰዉ ግን ስድብ ይሻለኝ ነበር ይላል። «ሊያልቅ ነው» ካላችኋት «ሊያልቅ የነበረ መርከብ የት እንዳለ ታውቃለህ? ከታች» ትላለች። የቀድሞው የግቢው ሥራ አስኪያጅ የመኪናውን መከላከያ ደጅ አስበይዶ በኩራት ያቆማት ዕለትስ? ምሳ በልቶ ሲወጣ መከላከያው ላይ በነጭ ጠመኔ «እንደገና» ተጽፏል። ማን እንደጻፈው አልጠየቀም። ወስዶ አስበየደው።

ምሳዋን ቆማ ትበላለች። ለምን ስትባል «ከተቀመጥኩ እናንተን መስማት ሊኖርብኝ ነው» ትላለች። የገና በዓል ሲደርስ ግን የፖፒ አበባ ፍሬ የተሞላ፣ የወላጆቿን አገር የቼክ ዳቦ በሁለት ትሪ ጋግራ ታመጣለች፤ ጠመኔ ያበዛችበትን ሰው ለይታ ሁለት ሁለት ትሰጠዋለች። እኔ ባለፈው ገና አራት ደርሶኛል። መጋዘኔ ምን ያህል ጊዜ እንደተፈተሸ ከዚህ ገምቱ።

አሁን ሌላ ነገር ልናገር ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ባለቤቴ ኦዴሳ ብቻ ናት የምታውቀው። ታገሡኝ።

ያኔ እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከግቢ ጠራጊነት ወደ ገመድና ክሬን ቡድን ካለፍኩ ሦስት ሳምንቴ። ከእኛ ጥቁሮች ወደዚያ ቡድን የገባሁት የመጀመሪያው ሰው ነበርኩ። ያለፍኩ ዕለት መቶ የሚሆኑ ነጮች «ከጥቁር ጋር አንሠራም» ብለው መሣሪያቸውን ጥለው ወጡ። በሁለተኛው ቀን ተመለሱ፤ ሲመለሱ ግን ማንም ስሜን አልጠራም። «አንተ» ነበር ስሜ። «ና አንተ፣ ያዝ አንተ።» ሉድሚላ አንድ ቀን ገመድ ፈልጋ መጣች። «አቶ ቲልማን፣ ሲመችዎት ገመዱን ያቀብሉኛል?» አለችኝ። ዘወር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ማንም አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ ለእኔ «ወይዘሮ ቫቭሪና»፣ እኔ ለእሷ «አቶ ቲልማን» ሆንን።

በመጋቢት ወር፣ አንድ ቀን ማክሰኞ፣ አምስት ሳጥን የብየዳ ኤሌክትሮድ፣ ያን እየቀለጠ ብረት የሚያያይዘውን ዘንግ፣ ከመጋዘን ወደ መርከቧ እንዳደርስ ታዘዝኩ። ወደቡ ጠርዝ ላይ እንዳደረስኳቸው የክሬኑ ሰዎች «አንተ፣ ቶሎ ና!» ብለው ጠሩኝ። ሳጥኖቹን ሸራ ሳላለብስ ሮጥኩ። ዝናብ መጣ። ስመለስ ሦስቱ ሳጥኖች ርሰዋል። እርጥብ ኤሌክትሮድ ምን እንደሚያደርግ አዲሶቹም ታውቁታላችሁ፤ ብየዳው ከላይ ያምራል፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። መመለስና «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ሳጥኖቹን በጨርቅ ጠረግኩና መርከቧ ላይ ከደረቁት ጋር ደባልቄ ደረደርኳቸው።

ከሦስቱ አንዱ ለሉድሚላ ደረሰ። የምትበይደው የማንሻውን እግር ነበር። ስልሳ ቶን የሚሸከሙ ሁለት ወፍራም የብረት እግሮች አሉ፤ የአንዱን መቀመጫ ከመርከቧ ወለል ጋር የምታያይዘው እሷ ነበረች። ኤሌክትሮዱ ሲንጣጣ ሰምታለች። እንዲቀየርላት ልትሄድ ስትል ፎርማናችን ግሪብል፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከላይዋ ቆሞ «ዛሬ ካልጨረስሽ ነገ ወንድ አስገባበታለሁ» አላት። ጨረሰችው። ቀለም ተቀባ። ተቆጣጣሪውም አይቶ አለፈው።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ነገ ጠዋት ማንሻው በሙሉ ክብደት ይሞከራል። ከሥሩ ቆመው ገመድ የሚይዙ የስድስት ሰዎች ስም ተጻፈ። አራተኛው የኔ ነው።

ያን ጊዜ በያጅ ሴቶቹ ስምንት ነበሩ። ሉድሚላ ማስታወቂያውን አንብባ፣ ስለ ብየዳው ልትናገር መሆኑን ምሳ ሰዓት ላይ ስትነግራቸው ሰማሁ፤ ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ ገመድ እገምድ ነበር። ቤሲ ሀርግሮቭ፣ ሦስት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት፣ «ሉድሚላ፣ አፍሽን ያዢ» አለቻት። «አንቺ ተሳሳትኩ ስትይ እነሱ የሚሰሙት ሴቶች መበየድ አይችሉም የሚለውን ነው። ስምንታችንንም ነው የምታስወጪን።»

«አውቃለሁ» አለች ሉድሚላ።

«ታዲያ?»

«ከሥሩ ሰው ይቆማል፣ ቤሲ።»

ሄደች። እኔም ተከተልኩ፤ ለምን እንደተከተልኩ አላውቅም። ግሪብል ከባሕር ኃይሉ መኮንን ጋር ቆሞ ነበር። «የግራው እግር መቀመጫ ይፍረስ» አለችው። «የበየድኩት እኔ ነኝ፣ አላምነውም።»

ግሪብል ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። «ቀለም ተቀብቷል እኮ። ተቆጣጣሪውም አልፎታል።»

«ተቆጣጣሪው ያየው ቀለሙን ነው። ኤሌክትሮዱ እርጥብ ነበር። እያወቅኩ ጨረስኩት።»

መኮንኑ አስፈለቀጠው። መሮው ሁለት ጊዜ ሳይመታ ብየዳው ተላቀቀ፤ ውስጡ ሁሉ ቀዳዳ ነው። መኮንኑ «ሳጥኑን እርጥብ ያመጣው ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

ከእሷ በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜያለሁ። ገመዱ እጄ ውስጥ አለ። ኦዴሳ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። ከኔ ኋላ ወደ ቡድኑ ለመግባት ሦስት የሰፈሬ ልጆች ይጠብቁ ነበር፤ እኔ ከተባረርኩ እነሱም ቀሩ። ይኼን ሁሉ አሰብኩ። ይኼን ሁሉ ሳስብ ደግሞ ዝም ብዬ ነበር።

እሷ ወደ እኔ አላየችም። «ሣጥኑን ሳልፈትሽ የተጠቀምኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

መኮንኑ ወደ ግሪብል ዞሮ «አሁን ማን ይበይደው?» አለ። ግሪብል ጎንበስ ብሎ የተላቀቀውን ብረት ነካ። «ራሷ ትበይደው» አለ። «ሌላው ቢያጠፋ አይነግረኝም።»

ሁለት ቀን በየደችው። የጨረሰች ዕለት ለሁለት ሳምንት ከሥራ ታገደች፤ ስትመለስም የውኃ ታንከር ውስጥ ዝገት እንድትፍቅ መደቧት። ሌሎቹንም ሴቶች ከዋና ሥራ አነሷቸው። ቤሲ የፈራችው ደረሰ ማለት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሌላ መርከብ ሲመጣ ሰው ስላጡ መለሷቸው፤ ቤሲ ግን ሉድሚላን እስከ መከር ድረስ አላነጋገረቻትም። የማንሻው ሙከራ የተደረገው እሷ ቤቷ ተቀምጣ ሳለ ነው። ስልሳ ቶን ከራሴ በላይ ተንጠለጠለ። እግሩ አልተነቃነቀም። እኔ ግን ዓይኔን ከእሷ ብየዳ ላይ አላነሣሁም።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሴቶቹን በአንድ ዓርብ አሰናበቷቸው። ሉድሚላ ወደብ ዳር ያለው የቲማቲም ማሸጊያ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠራች። በሃምሳ አንድ፣ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ የቆሙት መርከቦች እንደገና ሲጠሩ እሷም ተጠራች። በተመለሰች በሁለተኛው ቀን ፈልጌ አገኘኋት። ሰባት ዓመት ሙሉ የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ።

«ወይዘሮ ቫቭሪና፣ አንድ የምነግርዎት ነገር አለ» አልኳት።

አየችኝ። «ስለዚያ ዝናብ ከሆነ፣ ዝናቡ ቆሟል» አለችኝ። «ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ በለኝ። አርጅቻለሁ መሰለኝ እርስዎ ስትለኝ።»

ለካ ታውቅ ነበር። ያን ማክሰኞ ሣጥኖቹን ስደረድር እጅጌዬ እስከ ክርኔ ርሶ አይታኛለች። ሰባት ዓመት አውቃ ዝም አለች፤ ከዚያ ወዲህም ሃያ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን፣ በተጣላን ቀን እንኳን፣ አላነሣችብኝም። እኔ ደግሞ «ቆሟል» ስላለችኝ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። የገመድ ቡድን አለቃ ሆንኩ፣ ከዚያ የመጋዘን ኃላፊ። ሰፈሬ ስሄድ «አምብሮዝ በራሱ ሥራ ነው ያደገ» ይሉኛል። ትክክል አይደለም። አንዲት ሴት ስሜን በልቧ ይዛ፣ የኔን ጥፋት ከራሷ ጋር ደርባ ዝገት ስለፋቀች ነው ያደግኩት።

እንግዲህ ሁላችሁ በተሰበሰባችሁበት፣ ልጆቼም ባሉበት ልበለው። ሣጥኖቹን ዝናብ ላይ የተውኳቸው እኔ ነኝ። የደበቅኳቸውም እኔ ነኝ። ሉድሚላ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አመሰግንሻለሁም፤ የትኛው እንደሚቀድም ግን አላውቅም።

ምን አልሽ? ቆይ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም። «እኔ የምናገረው ስለበየድኩት ነው፤ የተሸከምከውን የምትናገረው አንተ ነህ፣ ግን ሃያ ስምንት ዓመት ፈጀብህ» ነው የምትለው። እውነቷን ነው። ደግሞስ? «ይቅር ብያለሁ፣ ቢራው ሞቀ።»

እሺ፣ እሺ፤ ተነሡ። ቤሲ፣ አንቺም ተነሺ፤ እዚያ ጥግ ሆነሽ አታልቅሺ፣ እሷ ናት ዛሬ የጋበዘችሽ። ብርጭቋችሁን ያዙ።

ሉድሚላ፣ ሰኞ ወደ እህትሽ ወደ አኔሽካ ቤት፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ማዶ ትሻገሪያለሽ። ጉልበትሽ መሰላል የማይወጣበት፣ ጆሮሽ ወፍ የሚሰማበት ማለዳ ይስጥሽ። ቆመሽ የበላሽውን ዓመት ሁሉ ተቀምጠሽ የምትበይበት ዕድሜ ይስጥሽ። ጎረቤት ሲመጣ ወንበር የሚያጥረው ቤት ይስጥሽ። እኔና ኦዴሳ የመጀመሪያው እሑድ እንመጣለን፤ ምንም አታዘጋጂ፣ እኛ ይዘን እንመጣለን።

ለሉድሚላ ቫቭሪና፣ ከሥሩ ለቆምነው ለስድስታችን ስትል ለተናገረችው። ከስድስቱ ዛሬ በሕይወት ያለነው ሁለት ነን፤ ሁለታችንም እዚህ ነን፣ ሁለታችንም አርጅተናል። ለማርጀት የበቃነው በአንቺ ነው።

ለጤናሽ።