ከቡና ማጠቢያው በታች

ከዲጋ ወደ ነቀምቴ በሚመጣው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንዲት እናትና አነጋገሩ የጎጃም የሆነ፣ ጆንያ የያዘ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተቀምጠዋል።

“ኢልማ ኮ፣ ጆንያው ምንድን ነው? ከሰል ነው ልጄ?”

“የቡና ገለባ ነው፣ አዴ። አክስለን ቆሻሻ ውሃ እናጣራበታለን።”

“በገለባ? እኛ እኮ የምንደፋው ነው!”

“ለዚያ ነው የመረጥነው፤ ርካሽ ነው። ይኸው፣ በዚህ ጠርሙስ ያለው ጥቁሩ ከቡና ማጠቢያው የወጣ ውሃ ነው። ይኼኛው ደግሞ ያው ውሃ ከተጣራ በኋላ።”

“ያ ዋቃዮ! እንዴት ጥርት ብሏል! እስቲ ክፈተውማ… ሽታውም ጠፍቷል። ይጠጣላ!”

“ኧረ አይጠጣም! ገና ምርመራ ይቀረዋል።”

“ለሰው አላልኩም። ለላሞች?”

“ለላምም ቢሆን አሁን ይጠጡ ብዬ ኃላፊነት አልወስድም።”

“ጥቁሩስ?”

“እሱንማ እንዳያስቀምሷቸው!”

“ቤቴ ከማጠቢያው በታች ነው። ላሞቼ ዛሬ ጠዋትም የጠጡት ጥቁሩን ነው።”

ዞር ብዬ ሳይ፣ ተማሪው የጥቁሩን ጠርሙስ ክዳን እያጠበቀ ነው።

“ምርመራው መቼ ያልቃል?”

“እንጃ፣ አዴ። ካለቀ በኋላ ጽሑፉን ለመምህሮቻችን እናቀርባለን።”

“እሺ፣ ከዚያስ?”

“ከዚያማ… እንመረቃለን።”

“ተመረቅ፣ ልጄ፣ ዋቃ ይርዳህ። አሁን ግን እንዴት እንደምታከስሉት ንገረኝ፤ ገለባው እንደሆነ ደጄ ላይ ተቆልሏል።”

እኔ ባኬ ጃማ ፌርማታ ላይ ወራጅ ነበርኩ፤ መልሱን ልስማ ብዬ ሳልወርድ አለፍኩ።